ወንድሜ በቴሌቪዥን የማለው መሐላ

ወንድሜ ሲታሰር፣ ሲገረፍ፣ በጥይት ሲመታና ከገደል ሲወረወር አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ የእንጀራ ልጁ መርዝ አጠጥቶት ምንጣፍ ላይ ሲንፈራገጥ አይቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ። እናታችን በሕይወት ሳለች እሱ ያለበት ድራማ ሲጀምር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጥ ነበር።

«ሞተ?» ትለኛለች።

«ገና ነው» እላታለሁ።

«ሲሞት ንገሪኝና እዞራለሁ።»

ከዚያ ስልክ አስደውላኝ የልጇን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። እሱም ስለለመደው ገና ስልኩን ሲያነሳ «አለሁ፣ እማ፣ አልሞትኩም» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ የሚለዋወጡት።

የወንድሜ ሙያ ክፉ ሰው መሆን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልምና ተከታታይ ድራማ የሚሠሩ ሰዎች ጨካኝ እንጀራ አባት፣ ጉቦኛ ዳኛ፣ ከብት ሌባ ወይም የድሃ መሬት የሚነጥቅ ሀብታም ሲፈልጉ ለእሱ ይደውላሉ። አፍቃሪ ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌ ሆኖ መርቆም አያውቅም። ስሙ ፖስተር ላይ ወጥቶ እንደሆነ እኔ አላየሁም፤ ፊቱን ግን ከቆቦ እስከ ደሴ የማያውቀው የለም። መንገድ ላይ ሲያዩት በስሙ አይጠሩትም፣ «ያ ሰውዬ መጣ» ነው የሚሉት።

ያስፈረደበት ፊቱ ነው። ቅንድቦቹ ገጥመው አንድ ሆነዋል፤ ግራ ጉንጩ ላይ በልጅነቱ በቅሎ የረገጠችው ጠባሳ አለ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ሲስቅ እንኳ ሰው የሚያስፈራራ ነው የሚመስለው። ይህ ሰው ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ስትሸኝ ከሙሽራዋ እናት እኩል ያለቅሳል፣ ፍየላችን ስትወልድ ስንት እንደወለደች ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ይደውላል ብል ማን ይሰማኛል? እኔም እህቱ ባልሆን አልሰማም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ወልድያ ነው። ሁለታችንም አክስታችን ቤት ሆነን እንማር ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ጨለማ፣ አግዳሚ ወንበሩ ቁንጫ የሞላበት። ባለቤቱ የካራቴና የህንድ ፊልም ሲያልቅበት ከየት እንዳመጣቸው የማይታወቅ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ፊልሞች ያሳያል። በእነዚያ ቀናት ሰው አይገባም። ወንድሜ ግን ይገባል፤ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት መታየቷ ነውር ስለነበር እኔም ሻርፔን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ እከተለዋለሁ።

በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ አንድ ወፍራም፣ አንገተ አጭር ፈረንጅ ነበር። በአንዱ የጠላት መኮንን ነው፣ በሌላው ሰላይ፣ በሌላው በሽተኛ የሚያሰቃይ ሐኪም። ሁልጊዜ ፊልሙ ሳያልቅ ይሞታል። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ፊልም ይወድ ስለነበር ስለዚህ ሰውዬ ስንጠይቀው ነገረን፤ የጀርመን ተወላጅ ነው አለን፣ አገሩን ጥሎ አሜሪካ ገባ፣ እንግሊዝኛም ለመደ፣ ምላሱ ግን የአገሩን ቃና አልለቅ አለው። ጦርነት ሲመጣ የሸሻቸውን ሰዎች ልብስ እያለበሱ እነሱን ሁን ይሉት ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረው ያንኑ ነው።

እኔ ሳቅሁ። ወንድሜ አልሳቀም። «እሱ ባይኖር ጀግናው ማንን ያሸንፋል?» አለኝ ወደ ቤት ስንሄድ። ስሙን ለማወቅ ብዙ ሞከረ። የተዋንያኑ ስም የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳይበላበት ጀግናው ሴቲቱን እንዳቀፈ ያጠፋዋል። ስለዚህ ያን ሰው በስሙ ሳናውቀው ቀረን፤ ወንድሜ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ እንደ እሱ መራመድ ተማረ።

በወልድያ የወጣቶች ኪነት ቡድን ውስጥ መጀመሪያ የተሰጠው የጭቃ ሹም ቦታ ነበር፤ ከአንዲት መበለት ላይ ላም የሚነጥቅ። ሕዝቡ የሸንኮራ ልጣጭ ወረወረበት። ያን ዕለት ቤት ሲመጣ ጋቢው በልጣጭ ተለውሶ ነበር፤ «ጠሉኝ» አለኝ ደስ ብሎት። አክስታችን ሰው በመጠላቱ ሲደሰት አይቼ አላውቅም አለች። ከዚያ አዲስ አበባ ገባ። መጀመሪያ አፍ የሌለው ሰው ሆኖ በር ላይ ቆመ፣ ቀጥሎ አንድ ቃል ሰጡት፣ ቀጥሎ በጥፊ የሚመታ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ የክፉ ሰው እንጀራ አገኘ።

እኔ በበኩሌ መርሳ አጠገብ ላለ ገበሬ ተዳርኩ። ባሌ በመስኖ ሽንኩርትና ጤፍ ያመርታል፣ ከቤታችን ጀርባ ማንጎና ፓፓያ አለን። እኔ ፍሬውን አውራ መንገዱ ላይ፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ፣ ለመንገደኛ እሸጣለሁ። ወንድሜ ሥራ ሲያጣ እኛ ጋ ይመጣል፤ ወንድሜና ባሌ ከእኔ ይልቅ እነሱ የተዛመዱ ነው የሚመስሉት።

አንድ ዓመት በድራማ ልጃገረዶችን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ ሆኖ ሠራ። ይህን አገር የሚያውቅ ያ ሥራ እንዴት እንደሚከብድ ይገባዋል፤ ከወረዳችን ከሐብሩ ልጅ ያልሄደበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በዚያ ሰሞን ከአውቶቡስ ሲወርድ አንዲት እናት ኮቱን ያዘችው። አውቃታለሁ፣ ልጇ ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ የልጇ ድምፅ ጠፍቶባት መንገደኛውን ሁሉ የምትጠይቅ ሴት ናት። «ልጄን በየት በኩል ወሰዳችኋት?» አለችው።

የፓፓያ ቅርጫቴን ጥዬ ሮጥኩ። «ወንድሜ ነው፣ እናቴ» አልኳት፤ «ድራማ ነው የሚሠራው።»

«እሺ፣ ድራማም ይሁን» አለች ኮቱን ሳትለቅ። «ግን መንገዱን ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መኪናውን ያውቀዋል፣ ባሕሩን ያውቀዋል። አጥንቶት ነው እንጂ ከየት ያመጣዋል?»

ወንድሜ የዚያን ድራማ ቃል በሙሉ ያውቅ ነበር። «የተጻፈልኝን ነው የማውቀው፣ እናቴ» አላት። እሷም ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ የጨመደደችውን ኮት በመዳፏ አስተካከለችለትና ወደሚቀጥለው አውቶቡስ ሄደች። ወንድሜ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

መሐላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ሰው ተጠርጥሮ ምስክር ሲጠፋ ነገሩ ወደ አበጋሮች ይሄዳል። አበጋር የምንላቸው እርቅ የሚያወርዱ ሽማግሌዎችን ነው፤ እስላምም ክርስቲያንም አሉባቸው። በእነሱ ፊት ተጠርጣሪው ለራሱ አይምልም፤ አብሮት የነበረ ሰው ይምልለታል። ያ ሰው ከማለ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ነገር የሚያነሳ እሱ ራሱ ነውረኛ ነው። ስለዚህ መሐላውን በጨዋታ የሚያነሳው የለም። ልጅ ሰምቶ ከደገመው አፉን ይመታል። የሚምለው ሰው ሲቆም ነፍሰ ጡር ሴቶች ከአካባቢው ይርቃሉ።

በአዲሱ ድራማ ወንድሜ ሰው ገድሎ በሽማግሌ ፊት የሚክድ ባለጠጋ ነበር። ደራሲው የጻፈለት «ፈጣሪ ምስክሬ ነው» የምትል አጭር ነገር ናት። ወንድሜ ይቺ ባዶ ሆነችበት። ስልክ ደውሎ «የእኛን አገር መሐላ አስገባሁላቸው» አለኝ፤ «ካሜራ የያዘው ልጅ ሳይቀር ሰውነቱን ውርር አደረገው።» የልጅ ኩራት ነበር የያዘው። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ማሻአላህ አልኩት።

ያ ክፍል በታየበት ምሽት ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር፤ በአካባቢው ዲሽ ያለን እኛ ስለሆንን ጎረቤት ይሰበሰባል። ማሳው ከእኛ ማሳ ጋር የሚዋሰነው ጎረቤታችንም ከነሚስቱ መጥቶ ነበር። ወንድሜ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ተነሳ፣ ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ በዚያ ከጉድጓድ በሚወጣ ድምፁ «አድርጌው እንደሆነ ዘሬን ያድርቀው፣ ደጄን ይዝጋው፣ አፈር እንኳ አይቀበለኝ» አለ። የገደለው እሱ መሆኑን ሁላችንም ባለፈው ሳምንት አይተናል።

የጎረቤታችን ሚስት ልጇን ታቅፋ ወጣች። የባሌ አጎት፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «ይኼ ልጅ ምን ነካው?» አሉ።

«ተውኔት እኮ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ተውኔት መሆኑን መች አጣሁት። አፉ ግን የራሱ ነው» አሉኝ።

ለወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀ። በኋላ ግን መሳቁን ተወ። ወንድሜና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም፤ ድራማው ከመሠራቱ ብዙ ዓመት በፊት ሐኪም ተስፋ አስቆርጧቸዋል። የአገራችን ሰው ግን የቱ እንደቀደመ ማን ይጠይቃል፤ ማለና ዘሩ ደረቀ አሉ፣ በቃ። ማስረዳት ሞክሬ ደከመኝ። ባስረዳሁ ቁጥር የሚሰሙኝ ሰዎች በርኅራኄ ያዩኝ ነበር።

አሁን መሐላው የተፈለገበትን እሳት ላውራ። ባሌና ያ ጎረቤታችን በመስኖ ውሃ ተጣሉ። ውሃውን በየተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት አለን፤ ጎረቤታችን በእኛ ተራ ቀድሞ ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ አዞረ፣ የእኛ ሽንኩርት ጠወለገ። ባሌ ቁጡ አይደለም፣ ያን ዕለት ግን ቦዩ ዳር ቆሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይኼን ጤፍ ስትበላው እናያለን» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል፤ ቃሉን መልሶ መዋጥ አይቻልም። የጎረቤታችን ጤፍ ታጭዶ ተከመረ። አንድ ቀን መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ክምሩ ነደደ።

እኔ አልነበርኩም። አክስቴ ታማብኝ ወልድያ ላስታምማት ሄጄ ነበር። ከአሱር ሶላት ጀምሮ ጭሱ እስኪታይ ድረስ ከባሌ ጋር ቤት ተቀምጦ ጫት ሲቅም የነበረው ወንድሜ ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ጭሱን ሲያዩ ሁለቱም ባልዲ ይዘው ሮጡ። ባሌ ነዶ ከእሳቱ ሊያወጣ ሲታገል ቀኝ እጁ ተቃጠለ። ጎረቤታችን በኋላ ለሰው ያሳየው ያን እጅ ነው። «ሲያነድ አቃጠለው» አለ።

እንደተመለስኩ ባሌን ጠየቅሁት። «አልነካሁትም» አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

ፖሊስ መጥቶ ጠይቆ ያየ ሰው ሲያጣ በሽማግሌ ጨርሱት ተባለ። ጎረቤታችን ብዙ ወንድሞች አሉት። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ካለፈ ወዲህ በአገሩ መሣሪያ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ ከወንድሞቹ አንዱ በእኛ ደጅ ክላሹን አንግቶ ሲመላለስ ሰነበተ። ሰላም ለማለት ያህል እንኳ ቀና አይልም ነበር። ወንድሜ አዲስ አበባ ሥራ ይጠብቀው ነበር፤ ጥሎት ቀረ። «እኔ እምልለታለሁ» አለኝ። «እውነት ነው። አብሬው ነበርኩ። ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ?» የሚያሳዝነኝ ይኼን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ የደግ ሰው ቦታ የተሰጠው መስሎት ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ማንጎው ሥር ጠርቼ «አታሳምር» አልኩት። «እንደ ሰው ተናገር።»

«እንደ ሰው ማለት እንዴት ነው?»

«እኔ እንጃ። ተንተባተብ። አፍንጫህን ጠርግ።»

ሞከረ። ተንተባተበ፤ መንተባተቡም አማረበት። ቃሉ መሐል ላይ ቆም ሲል ሰው ትንፋሹን የሚይዝበት ዓይነት ቆምታ ነው። ቀስ ብለህ ስለው ጥርሱን የነከሰ ወንጀለኛ መሰለ፤ ፈጠን በል ስለው ከፖሊስ የሚያመልጥ ሰው መሰለ። ተቆጣሁት። ሦስተኛም አራተኛም አስባልኩት። በመጨረሻ ቦዩ ዳር ቁጭ አለና «ሌላ ድምፅ የለኝም» አለኝ። እጁን ይዤ አነሳሁት፤ ሄድን።

አበጋሮቹ ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። ዱአ ተደረገ፣ አሚን ተባለ፣ ዝናቡን የጥጋብ ያድርግልን፣ ሰላሙን ያጽናልን ተባለ። ጎረቤታችን ነገሩን አስረዳ፤ ቦዩን፣ የባሌን ዛቻ፣ የተቃጠለውን እጅ። ባሌ አላደረግኩም አለ። በሽምግልናው ታላቅ የሆኑት፣ ሪዛቸው የነጣ አበጋር፣ «አብሮህ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁት። ወንድሜ ተነሳ።

ሲነሳ ሰዉ ተንሾካሾከ። ሁለት ልጃገረዶች ፈገግ አሉ። ወንድሜ እጁን ከኋላው ሊያጣምር ሲል እኔን አይቶ ወደ ጎኑ አወረደው።

«ይኼን ሰው አልቀበልም» አለ ጎረቤታችን። «አባቶቼ፣ ይኼ ሰው ይቺኑ መሐላ በውሸት ሲምል በዚህ ሰውዬ ቤት ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሚስቴ ምስክር ናት። አገር ምስክር ነው። ዘሬን ያድርቀው አለ፤ እዩት፣ ልጅ የለውም።»

ወንድሜ ላይ ጥይት ሲተኮስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ ብያለሁ። እንዲህ ሲመታ ግን አይቼ አላውቅም። አልወደቀም፣ አላጓራም፤ ጫማውን አየ። ልጮህ ተነሳሁ፣ የባሌ አጎት በከዘራቸው ጫፍ ቀሚሴን ያዙና አስቀመጡኝ።

«ይናገር፣ እንስማው» አሉ ሪዛሙ አበጋር።

ወንድሜ ተናገረ። ከአሱር ጀምሮ አብረው መሆናቸውን፣ ስለ ምን እንዳወሩ፣ ጭሱን መጀመሪያ ያየው እሱ መሆኑን፣ ባሌ ጫማ ሳያደርግ መሮጡን ነገራቸው። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋ። «ከእኔ ተለይቶ እንደሆነ ዘሬን ያድርቀው...» ሲል ከሴቶቹ በኩል አንዷ ከከንፈሯ ሳይወጣ አብራው ስትል አየኋት፤ ደጄን ይዝጋው፣ አፈር እንኳ አይቀበለኝ። ከቴሌቪዥኑ ነው የያዘችው። ምን እያለች እንደሆነ ስታውቅ ደንግጣ አፏን በሻሽዋ ሸፈነች። ወንድሜም አይቷታል፤ የመጨረሻዋን ቃል ዋጥ አድርጎ ነው የጨረሳት።

አበጋሮቹ ራሳቸውን አገናኝተው ተመካከሩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሪዛሙ አበጋር የተናገሩት አባት ለልጁ እንደሚናገር ነው።

«ልጄ፣ ዋሽተሃል አላልንህም። እውነትህን ይሆናል፤ አላህ ያውቃል። ነገር ግን ይቺን መሐላ አንዴ ሰብረሃታል። የተሰበረ እንስራ ይዘህ ውሃ ቅዳልን አንልህም።»

«ሥራዬ ነው፣ አባቴ» አለ ወንድሜ። «አንቱም ያውቃሉ። ሌላ መሐላ ይንገሩኝና በእሱ ልማል።»

«ሌላ የለንም» አሉት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም» አልኳቸው። በሽማግሌዎቹ ፊት ያፌ ቃል ሁሉ ይቺ ብቻ ሆነች። ባሌን የማውቀው ያህል ማንም አያውቀውም፣ ይህ ግን እዚያ ዋርካ ሥር የሚያገለግል ዕውቀት አልነበረም። እኔም ራሴ ባሌ ቤት እንደነበር የማውቀው ወንድሜ ስለነገረኝ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለማደር ጊዜ ያለው ይጠብቃት። የጎረቤታችን ወንድሞች ዋርካው ግንድ ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ክላሽ ያነገተው ከመካከላቸው ነው። ሪዛሙ አበጋር እነሱን አዩ፣ ባሌን አዩ።

«ልጄ» አሉት ባሌን። «እኛ ያየነውን አይተናል፣ የቀበርነውን ቀብረናል። እህል ይበቅላል። ደም ከፈሰሰ ግን የሚሰበስበው የለም። አድርገኸው ከሆነም፣ ሳታደርገውም ከሆነ፣ ለአላህ ብለህ ተሸከመው።»

ወንድሜ ወደ ባሌ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ተው፣ አታድርገው» ሲለው ሰማሁ። ባሌ ትከሻውን ነካ አደረገውና አልፎት ሄደ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳ። በዳይ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ ተበዳይ ከተቀበለው ያወርድለታል። ድንጋዩን በዚያ በጨርቅ በተጠቀለለ እጁ ደግፎ ማጅራቱ ላይ አደረገው።

ባሌ ድራማ ሠርቶ አያውቅም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ አስተያየት ስጥ ሲሉት እንኳ የሚደበቅ ሰው ነው። በጉልበቱ እየሄደ ጎረቤታችን እግር ሥር ወደቀ።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ሸይጧን አሳስቶኝ ነው። ሽንኩርቴ ሲደርቅ ልቤ ነደደ፤ በነደደ ልቤ ነው ያነደድኩት። አውፍ በሉኝ፣ ማሩኝ።»

አጥፍቻለሁ ብሎ ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ያን ስለ ልቡ የተናገረውን ማንም አልነገረውም። ድምፁ መሐል ላይ ተቆረጠ፣ ንፍጡ ወረደ፣ አልጠረገውም። ጎረቤታችን መጀመሪያ ፊቱን አዞረ፣ ከዚያ ራሱ እያለቀሰ ጎንበስ አለና ድንጋዩን አወረደለት። ወንድምዬው ክላሹን ከትከሻው አውርዶ ዛፉ ላይ አስደገፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድም ሰው ጥርጣሬ አልቀረውም፤ ሰው እንደዚያ ሆኖ አይዋሽማ። ወንድሜ ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል።

እኔም አመንኩት። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ምራቅ ለመዋጥ ያህል ይሆናል። ባሌ ክብሪት ጭሮ ጤፉ ላይ ሲጥል ታየኝ። ወንድሜ ደግሞ ለእኔ ብሎ፣ ቤቴ እንዳይፈርስ ብሎ፣ ያን በሚችልበት አፉ ሲዋሽልኝ ታየኝ።

በዚህ መሐል ባሌ ቀና አለ። ያ ሁሉ ሰው ሊያቅፈው እየመጣ እሱ በዓይኑ የፈለገው እኔን ነው። አገኘኝ። ማመኔ የሚነበብበትን ፊቴን የማስተካክልበት ጊዜ አልነበረኝም።

አሁን ከጎረቤታችን ጋር ሰላም ነን፤ ውሃውን በተራ እናጠጣለን፣ ጎረቤታችን ታላቅ ልጁን ሲድር ባሌ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። ወንድሜ አዲስ አበባ ተመልሷል፤ ሰሞኑን የእስር ቤት አዛዥ ሆኖ እየሠራ ነው አሉ፣ እኔ ግን አላየሁትም። እንዳላደረገው እንደማምን ለባሌ ነግሬዋለሁ። አንድ ቀን ሽንኩርት ስንነቅል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሳይጠይቀኝ እራት ላይ። ከልቤ ነው። «እሺ» ይለኛል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም። በምን ልማልለት?